ቤት በምንቀመጥበት ጊዜ ሥጋችንንም ነፍሳችንንም ስለ መጠበቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

እነሆ ክረምቱ ገብቷል። ከተማችን ቆሰበር ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ስለ ሆነች፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሲጥልና ጭጋጉ ሲወርድ ወጣቱ ሁሉ ከምድጃው ዳር ይሰበሰባል። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ መንገዱ ይጨቀያል፤ ቀኑ ሳይነጋ የመሸ ይመስላል። በዘመናችን ደግሞ ሰውን ከቤት የሚያውለው ዝናብ ብቻ አልሆነም። በ2012 ዓ.ም. በሽታ ቤታችንን ዘጋብን። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ከተነሣው ግጭት ወዲህ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ፣ ትምህርት ሲቋረጥ፣ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ብዙዎቻችን ወራትን በግቢያችን ውስጥ አሳልፈናል። ስለዚህ በዚህ እትም፣ ለብዙ ጊዜ ቤት የሚቀመጥ ክርስቲያን ወጣት ሥጋውን፣ አእምሮውንና ነፍሱን አስተካክሎ እንዴት ሊጠብቅ እንደሚገባው ልንነጋገር ወደድን። ይህን የምንጽፈው ከእናንተ የተሻልን አዋቂዎች ሆነን ሳይሆን በዚሁ ጉዳይ ተሳስተን የተማርን ስለ ሆንን ነው።

የከተማችን ስም የሚያስተምረን

ቆሰበር የሚለው ስም ኮሶ በር ከሚለው እንደ መጣ ታላላቆቻችን ይነግሩናል። ኮሶን የማያውቅ የለም። አያቶቻችን የሆድ ትል ሲያስቸግራቸው ፍሬውንና አበባውን ፈጭተው፣ በጥብጠው፣ ፊታቸውን አጨፍግገው ይጠጡት ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያን ቀን ከቤቱ አይወጣም፤ እንግዳም አይቀበልም። ደጅ የመጣው ሰው ኮሶ ጠጥቷል ከተባለ አይቀየምም፤ ይማርህ ብሎ ይመለሳል። ቤተሰቡም ጸጥ ብሎ ይጠብቀዋል፤ ማታ መድኃኒቱ ሥራውን ሲጨርስ የሚቀምሰውን ያዘጋጅለታል።

ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚሰጥ የተመጠነ መድኃኒት ስላለ፣ ኮሶም መጠኑ ሲያልፍ ዓይንን እስከ መጉዳት የሚደርስ ስለ ሆነ፣ ጠጡ አንልም። ነገር ግን ልብ እንበል። የአያቶቻችን ቤት መዋል ሦስት ነገሮች ነበሩት። አንደኛ ዓላማ ነበረው፤ ለመዳን ነበርና። ሁለተኛ ጊዜ ተወስኖለት ነበር፤ ሲመሽ ያበቃልና። ሦስተኛ ጠባቂ ነበረው፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ያስብለት ነበርና። ዓላማም፣ የጊዜ ሥርዓትም፣ ጠባቂም የሌለው ቤት መዋል ግን ምሬቱን ጠጥቶ ትሉን ሳያስወጡ እንደ መቅረት ነው።

በ2012 ዓ.ም. የሆነው

ያን ጊዜ ሕፃናት የነበራችሁ ታናናሾቻችን ነገሩን በሚገባ ላታስታውሱት ትችላላችሁና በአጭሩ እናስታውሳችሁ። የኮሮና በሽታ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ወዲያውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ተመለሱ። በመጋቢት መጨረሻም በክልላችን የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች ሲገኙ፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ ቅዳም፣ ጥሊሊና የእኛዋ እንጅባራ ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ እንዲቆምባቸው ተወሰነ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ በመላው አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ምእመናን በቤታቸው ሆነው እንዲጸልዩ ከአባቶች መመሪያ ስለ ተሰጠ፣ ሚያዝያ 9 ቀን የዋለውን ስቅለት አብዛኞቻችን የሰገድነው በየቤታችን ነው። ቅዳሴውን በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ተከታተልን። ሚያዝያ 11 ቀን ትንሣኤ ሲሆን፣ በየዓመቱ በሌሊት ጧፍ ይዘን የምንሞላው ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ጭር ብሎ አደረ። እናቶቻችን በየደጃቸው ቆመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ እየተሳለሙ ሲያለቅሱ አይተናል። ትምህርት ቤት እንደገና የተከፈተው በ2013 ዓ.ም. ነው። በዚህ መካከል ያለፉት ወራት አንዳንዶቻችንን በጸሎት አበረቱን፤ አንዳንዶቻችንን ግን ማንም ሳያይ ጎዱን።

የእኛ ጥፋት

ከጎበዞቹ አገልጋዮቻችን አንዱ የሆነ ወንድማችን ነበረ። መዝሙር ያስጠና ነበር፤ ከዩኒቨርሲቲ ሲመጣም ታናናሾቹን ሒሳብ ያስተምር ነበር። በዚያ መጋቢት ወደ ቤቱ ሲመለስ ደስ ብሎት ነበር፤ ዕረፍት አገኘሁ፣ መጻሕፍትም አነባለሁ ብሎ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አነበበ። በሁለተኛው ሳምንት ሌሊቱን በስልክ ወሬ ሲከታተል፣ በየአገሩ የሞተውን ሰው ቁጥር ሲቆጥር አደረ። በሦስተኛው ሳምንት ቀኑን መተኛት፣ ሌሊቱን መንቃት ልማዱ ሆነ። ከዚያም ከአባቱ ጋር መነጋገር ተወ፤ መዓድ መቅረብ ተወ፤ ጸሎቱንም ተወ። እኛ ስንደውልለት ስልኩን አያነሣም።

እኛስ ምን አደረግን? ተሰብስበን መምከር ባንችልም በስልክ ተመካክረን ደብዳቤ ጻፍንለት። በደብዳቤውም ስለ ስንፍና ኃጢአት ገለጽንለት፤ ስለ ታካቹ ባሪያ፣ ስለ ሰነፎቹ ደናግል ጠቀስንለት፤ ፈተናው የመጣው እምነቱ ስለ ጎደለ መሆኑን አስረዳነው። ደብዳቤው መልካም ነው ብለን ተደስተን በታናሽ ወንድሙ እጅ ላክንለት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አያቱ ከአንዳችን አጥር አጠገብ መጥተው ቆሙ። ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው፣ ራቅ ብለው እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ የላካችሁትን ወረቀት ትራሱ ሥር አገኘሁት። እኔ ማንበብ አልችልም። ግን እሱን ካነበበ ጀምሮ እህል በወጉ አልቀመሰም። በሞትኩ ሲል ሰምቼዋለሁ። ስለ ማርያም፣ ሌላ ወረቀት አትላኩበት። መላክ ካማራችሁ እናንተው ኑና ከደጅ ሆናችሁ ጥሩት።»

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ስንጽፍ ዛሬም እናፍራለን። ለታመመ ሰው ፍርድ ላክንለት። ቃላችን ከመጽሐፍ የተወሰደ ነበር፤ ነገር ግን መጽሐፉን በሚገባ አላነበብነውም። በሚገባ አንብበነው ቢሆን ኖሮ ከነቢዩ ኤልያስ ታሪክ በጀመርን ነበር።

መልአኩ አልገሠጸውም

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 እንደ ተጻፈው፣ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረደው ታላቁ ነቢይ ኤልዛቤል ልትገድለው ብትዝትበት ሸሸ። አገልጋዩን በቤርሳቤህ ትቶ ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ሄደ። ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞትን ለመነ፤ ከዚያም ተኛ። ይህን የለመነው አምላኩን የሚወድ፣ ትናንት ሕዝብን ያስደነቀ ሰው ነው። እንግዲህ ተስፋ መቁረጥ ቅዱሳንን እንኳ የሚያንኳኳ ፈተና ከሆነ፣ ቤቱ ተዘግቶበት የተከዘውን ወጣት እምነት የለሽ ብለን ለመፍረድ ማን ሥልጣን ሰጠን?

መልአኩ በመጣ ጊዜ ምን አደረገ? ዳሰሰው። በፍም የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ከራስጌው አኖረለት፤ ብላ አለው። ኤልያስም በልቶ ጠጥቶ እንደገና ተኛ። መልአኩ ስለ መተኛቱ አልተቈጣም፤ ሁለተኛ መጣ፤ ሁለተኛም አበላው። ከዚህ በኋላ ነው ነቢዩ ተነሥቶ እስከ ኮሬብ ተራራ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት የሄደው። በዚያም እግዚአብሔር ጠየቀው፤ ኤልያስም ብሶቱን ሁሉ ተናገረ። ነፋስ፣ መናወጥና እሳት አልፈው በዝግታ ድምፅ ጌታ አነጋገረው፤ ሥራ ሰጠው፤ ብቻውን እንዳልሆነም ገለጠለት።

ልብ በሉ፦ እንቅልፍ፣ እንጀራና ውኃ፣ መንገድ፣ መነጋገር፣ ሥራ፣ ወዳጅ። ቤት ለሚቀመጥ ሰው የሚያስፈልገው መድኃኒት በዚህ ምዕራፍ ውስጥ በቅደም ተከተል ተቀምጧል። የሰው ሥጋና ነፍስ በአንድ ቤት የሚኖሩ ናቸውና አንዱ ሲታመም ሌላው ደኅና አያድርም። እንግዲህ አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

1ኛ. እንቅልፍ

ቤት የሚውል ሰው አስቀድሞ የሚያጣው የሰዓትን ሥርዓት ነው። ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ያለ ወጣት በቀን ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ቢያንስ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው ሐኪሞች ይመክራሉ። ሌሊትን በስልክ አሳልፎ ቀን መተኛት ግን የሰዓቱ ቁጥር ቢሞላም ያደክማል፤ ሰውነታችን ከብርሃንና ከጨለማ ጋር እንዲሄድ የተፈጠረ ነውና። ስለዚህ ስልኩን ከመኝታችን አርቀን፣ ለምሳሌ እናታችን በምትተኛበት ክፍል እንዲያድር አድርገን እንተኛ። ጧት ደግሞ ብንደክምም በአንድ ሰዓት እንነሣና ደጅ ወጥተን የፀሐይ ብርሃን እንይ።

ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ የተዘጋጀ መሣሪያ አላት። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት ተብለው የተመደቡት ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ቀኑን እንደ አጥር ምሰሶ ቀጥ አድርገው ይይዙታል። ሁሉንም መፈጸም ላልቻለ ጀማሪ፣ በነግህ፣ በቀትርና በሠርክ መቆም እንኳ ቀኑ ተንዶ እንዳይወድቅ ያደርጋል።

2ኛ. እንጀራና ውኃ

የክርስቲያን ሆዱን መጠበቅ ማለት አብዝቶ መብላት ወይም ከልክ በላይ መራብ አይደለም። ቤት የሚውል ሰው ወይ ከመሰላቸት የተነሣ ሲቆረጥም ይውላል፤ ወይ ከትካዜ የተነሣ መዓድ ይሸሻል። ሁለቱም ሥርዓት የጎደላቸው ናቸው። በአገራችን ያለው ምግብ ደካማ አይደለም። ድንች፣ የገብስ ቆሎና በሶ፣ የባቄላና የአተር ሽሮ፣ ጎመን፣ በፍስክ ደግሞ ወተትና እንቁላል ካለ፣ ለወጣት ሰውነት የሚበቃ ነው። በጾም ጊዜም ጥራጥሬ ከእህል ጋር መመገብ ሥጋን ያጸናል። የታመመ፣ ያረገዘች ወይም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ስለ ጾሙ ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ አባቶች ለዚህ ምክር አላቸው። ከምግቡ ይልቅ አብሮ መብላቱ ይበልጣል። በዚያ ወራት በአንድ ትሪ የቀረበ ቤተሰብ ልጁ መክሳቱን፣ መከፋቱን ቶሎ አየ።

ስለ እሳት አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በአካባቢያችን የዲከረንስ ከሰል በብዛት ይከሰላል፤ ብርዱም ያስገድደናል። ነገር ግን ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድ ሽታ የሌለው መርዝ ይወጣል፤ የተኛ ሰውም ሳይነቃ ይሞታል። እሳቱን ከደጅ አቀጣጥለን፣ ፍም ሲሆን አስገብተን ቢሆን እንኳ ከአደጋ አንድንም። መስኮት ወይም በር ይከፈት፤ ከመኝታ በፊትም ምድጃው ከክፍሉ ይውጣ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ሳይዘገይ ወደ ነፋሻው ይውጣ። ይህን ለቤተሰቡ ያስታወሰ ወጣት ትልቅ ስብከት ሰብኳል።

3ኛ. መንገድ

በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ሁላችንም እናያለን። ፈረስ ያላቸው አባቶቻችንን ብንጠይቃቸው፣ ክረምቱን ሙሉ በጋጣ ታስሮ የከረመ ፈረስ እግሩ እንደሚያብጥ፣ ጥር ሲደርስም እንደማይሮጥ ይነግሩናል። የሰውም ሥጋ እንዲሁ ነው። ልጆችና ወጣቶች በቀን 60 ደቂቃ፣ ዐዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መፍለጥ፣ ጓሮ መኮትኮት፣ ልብስ ማጠብ ሁሉ ሰውነትን የሚያሠሩ ናቸው። ሰላምና ሰዓት ከፈቀደ እስከ ዘንገና ሐይቅ ድረስ ከወዳጅ ጋር በእግር መሄድ ይቻላል፤ ካልፈቀደም ግቢው ይበቃል።

ስግደትንም አንርሳ። ስግደት የአምልኮ ሥራ እንጂ ስፖርት አይደለም። ነገር ግን አባቶቻችን ስግደትን ከጸሎት ጋር ሲያዝዙ ሥጋ ከነፍስ ጋር እንዲያመልክ ነው። የተኛ ሥጋ ነፍስን ያስተኛል፤ የተነሣ ሥጋ ነፍስን ያግዛታል።

4ኛ. መነጋገር

እግዚአብሔር ሁሉን የሚያውቅ ሲሆን ኤልያስን ለምን በዚህ ተቀመጥህ ብሎ ጠየቀው። ለማወቅ ሳይሆን ኤልያስ እንዲናገር ነው። ነቢዩም ብሶቱን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ተናገረ፤ ጌታም ሁለቱንም ጊዜ ሰማው። እንግዲህ የሚሰማ ጆሮ መሆን መለኮታዊ ሥራ ነው። በቤታችን የተከዘ ወንድም ካለ ምክር ከማብዛታችን በፊት እንስማው። ራሳችን የተከዝን እንደ ሆነ ደግሞ አንደብቀው፤ ለንስሐ አባታችን፣ ለወላጆቻችን፣ ለምናምነው ወዳጅ እንናገር።

አንድ ነገር በግልጽ እንበል። ትካዜው ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅ የቆየ፣ እንቅልፍና እህል ያጣ፣ በተለይም መሞትን የሚናገር ሰው ወደ ሐኪም ይወሰድ። እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን አንተወው። ጠበል መጠመቅና ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚጣሉ አይደሉም። ጌታችን የዕውሩን ዓይን በጭቃና በውኃ እንደ ፈወሰ፣ ሉቃስ ወንጌላዊም ባለ መድኃኒት እንደ ነበረ እናውቃለን።

ደግሞም ወሬን እንመጥን። ክፉ ወሬ ቀኑን ሙሉ የሚሰማ ሰው፣ ነፋሱን፣ መናወጡንና እሳቱን ብቻ ሰምቶ የዝግታውን ድምፅ ሳይሰማ ይመሻል። በቀን አንድ ጊዜ፣ ከታመነ ምንጭ፣ አስፈላጊውን ሰምቶ ስልኩን መዝጋት ይበቃል።

5ኛ. ሥራ

ታላቁ አባት እንጦንስ በበረሃ በአቱ ተቀምጦ ሳለ መሰላቸት እንዳጠቃው በአበው መጻሕፍት ተጽፏል። እንዴት እድናለሁ ብሎ ቢጸልይ፣ እንደ እርሱ ያለ አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲፈትል፣ ከሥራው ተነሥቶ ሲጸልይ፣ እንደገና ተቀምጦ ሲሠራ፣ እንደገና ተነሥቶ ሲጸልይ አየ። ያም የጌታ መልአክ ነበረ። የመሰላቸት መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ ሥራን በጸሎት፣ ጸሎትን በሥራ መለወጥ። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም በሮም ሁለት ዓመት በተከራየው ቤት በዘበኛ ተጠብቆ ሲቀመጥ፣ የመጣውን ሁሉ እየተቀበለ ያስተምር ነበር እንጂ ቀኑን አልረገመም።

በአገራችን ለእጅ ሥራ የሚሆን ነገር ሞልቷል። ቀርቀሃው በደጃችን ነው፤ ወንበርና ቅርጫት የሚሠሩ ባለ ሙያዎች በመካከላችን አሉ። ስፌት፣ ፈትል፣ ጓሮ አትክልት አለ። ከአያቶቻችን ዘንድ ደግሞ አውኚ ቋንቋ፣ ተረትና የዘር ቆጠራ እንማር። አያት ስትሞት ማንም ያልጠየቃት ቃል አብሯት ይቀበራል።

እዚህ ላይ ወንዶች ወንድሞቻችንን እንጠይቃለን። ቤት ስንውል ለእኛ ዕረፍት የሚመስለን ጊዜ ለእናቶቻችንና ለእኅቶቻችን ዕጥፍ ሥራ ነው። የሚበላው ሰው በዛ፣ የሚታጠበው ዕቃ በዛ፣ የሚቀዳው ውኃ በዛ። እኅታችን መጽሐፏን የምትገልጠው ሁሉ ከተኛ በኋላ በድካም ነው። በ2012 ዓ.ም. ከቤት ዋልን ያልነው ወንዶች ስንቶቻችን ነን ማጀት የገባነው? ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ካጠበ፣ እኛ ሰሐን ብናጥብ ክብራችን አይቀንስም። የቤት ጤና ማለት የአንዱ ዕረፍት በሌላው ጀርባ ላይ አለመቆሙ ነው።

6ኛ. ወዳጅ

ኤልያስ ብቻዬን ቀረሁ ባለ ጊዜ፣ ጉልበታቸውን ለበኣል ያላንበረከኩ ሰባት ሺህ ሰዎች መኖራቸው ተነገረው፤ ኤልሳዕም ባልንጀራ ሆነው። ቤት ስንቀመጥ ጎረቤት እንዳለን አንርሳ። ከቤት መዋል ለአንዳንዱ ዕረፍት ሲሆን ለቀን ሠራተኛው፣ ለሊስትሮው፣ በመንገድ ዳር ድንች ለምትሸጠው እናት ረኃብ ነው። ከቤቱ የተፈናቀለ ሰው ደግሞ የሚቀመጥበት ቤት እንኳ የለውም። ስለዚህ ስለ ራሳችን ጤና ስንጨነቅ አንድ እፍኝ ዱቄት ለጎረቤት ማድረስን ከጤና መጠበቂያው እንቁጠረው። ሰው ለሌላው ሲያስብ የራሱ ትካዜ ይቀልለታልና።

የወንድማችን ነገር

የአያቱን ቃል ሰምተን ሄድን። ሁለታችን ሆነን፣ አፋችንን ሸፍነን፣ ከአጥሩ ውጭ ቆመን ስሙን ጠራን። ለብዙ ጊዜ አልወጣም። አያቱ ግን ሳይቈጡ የሞቀ እንጎቻ በትሪ አድርገው በደጃፉ አኖሩለት። በመጨረሻ ወጣ፤ ጠጕሩ አድጓል፤ ዓይኑ ብርሃኑን መሸከም አቅቶታል። የምንናገረው ጠፋን። ከመካከላችን አንዱ፣ «ስለ ደብዳቤው ይቅር በለን» አለ። እርሱም ብዙ ቆይቶ፣ «ደብዳቤው እውነት ነበር፤ እኔ ግን ሌላ እውነት ነበር የሚያስፈልገኝ» አለን።

በአንድ ቀን አልዳነም። በየቀኑ ከአጥሩ ማዶ ሆነን ለጥቂት ደቂቃ እንጠራው ጀመር። አባቱ ፈረሱን የማብላቱን ሥራ ሰጡት፤ ለዚያ ሲል ማለዳ መነሣት ግድ ሆነበት። የንስሐ አባቱ በስልክ ረዥም ጸሎት አላዘዙለትም፤ በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እንዲደግም ብቻ ነገሩት። አጎቱ ይዘውት ወደ ሐኪም ሄዱ። ቀርቀሃ ፍልጥ ከጎረቤት ተቀብሎ ለአያቱ መቀመጫ ሠራ፤ መቀመጫው ወደ አንድ ወገን ያዘመመ ነበር፤ እርሳቸው ግን እስኪያርፉ ድረስ ከሌላ ወንበር አልተቀመጡም። ዛሬ ያ ወንድማችን ከእኛው ጋር ያገለግላል። ይህን ጽሑፍም ከመባዛቱ በፊት አንብቦ፣ «ጻፉት፤ ሌላ ሰው አለ» ብሎ ፈቅዶልናል።

አዎን፣ ሌላ ሰው አለ። ይህን ወረቀት ከምታነቡት መካከል ዛሬ ከክትክታው ሥር የተኛ ይኖራል። ወንድማችን ሆይ፣ እኅታችን ሆይ፣ አንፈርድብሽም፤ አንፈርድብህም። ተኛ፤ ግን በጊዜው ተነሥ። ብላ፤ ከቤተሰብህ ጋር ብላ። አንድ እርምጃ ውጣ። ተናገር። በእጅህ አንድ ነገር ሥራ። እኛም እንመጣለን።

በዚህ ክረምት እያንዳንዳችን ሦስት ነገር እንድናደርግ እንማከር። አንደኛ፣ የምንነሣበትን፣ የምንጸልይበትን፣ የምንሠራበትንና የምንተኛበትን ሰዓት በወረቀት ጽፈን ግድግዳ ላይ እንለጥፍ። ሁለተኛ፣ በቤታችን ካለው ሥራ አንዱን ከእናታችን እጅ ተቀብለን የራሳችን እናድርገው። ሦስተኛ፣ ከጉባኤ የቀረውን አንድ ሰው ስሙን ይዘን በሳምንት አንድ ጊዜ ቤቱ እንሂድ፤ መንገድ ከተዘጋም እንደውልለት። ስንሄድ ደብዳቤ አንያዝ። ቢቻል እንጎቻ እንያዝ።

ነቢዩን በክትክታ ሥር ያልተወ አምላክ እኛንም በየቤታችን ይጠብቀን፤ ለአገራችንም ሰላምን፣ ለታመሙት ምሕረትን ያድልልን፤ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።